አንድ እጅ ወይስ ሁለት እጅ? ኤልደን ሪንግ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ጌም ቤት ማለት ከሞላ ጎደል ኳስ ማለት ነው። ፒያሳም ግባ፣ ቧንቧ ውሃም ውረድ፣ ስክሪኑ ላይ የምታየው አረንጓዴ ሜዳ ነው። ጥግ ላይ ግን አልፎ አልፎ ሰይፍ ይዞ ከጭራቅ ጋር የሚታገል ልጅ ታገኛለህ። እዚያ ጥግ ላይ ከሚቀመጡትም፣ ሐረጎን ወጥተው ከሚመጡት የኮምቦልቻ ልጆችም፣ የማይቀር ጭቅጭቅ አለ፦ በአንድ እጅ ሰይፍና ጋሻ ነው የሚያዋጣው ወይስ በሁለት እጅ ትልቁን ማንሳት? መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው በ2022 ከወጣው የሰይፍና የጭራቅ ጌም ኤልደን ሪንግ ናቸው። ላፕቶፑ እሱን ለማይችልለት በ2011 የወጣውን ስካይሪምን ጨምሬያለሁ።

ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ንገረን፣ የቱ ይሻላል?

ጠላትህን እይ። አንዴ ሰንዝሮ ዳግም እስኪሰነዝር ድረስ ምን ያህል ፋታ ይሰጥሃል? ረጅም ፋታ ከሰጠህ ከባዱን በሁለት እጅ ይዘህ አሳርፍበት። ፋታ የሚነሳህ ከሆነ ቀለል ያለውን በአንድ እጅ ያዝ፣ ጋሻህን አስቀድም። ሁሉም ነገር ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ደግሞ ኤልደን ሪንግ ላይ አንዱን መርጠህ መማል የለብህም። ያው ሰይፍ በአንድም በሁለትም እጅ ይያዛል፤ ውጊያው መሀል ላይም መቀያየር ትችላለህ። ይህን ሳያውቅ ግማሽ ጌሙን የሚጨርስ ልጅ ብዙ ነው።

በሁለት እጅ እንዴት ነው የሚያዘው? ስይዘውስ ምን ይቀየራል?

ፕሌይስቴሽን ላይ ሦስት ማዕዘኗን ተጭነህ ሳትለቅ አር ዋንን ንካ። የግራ እጅህን መሳሪያ ከሆነ የፈለግኸው፣ ሦስት ማዕዘኗንና ኤል ዋንን። ጋሻህ ጀርባህ ላይ ይወጣል፣ ሰይፉ በሁለት እጅ ይገባል። አመታቱም ይቀየራል፤ አንዳንዱ መሳሪያ በሁለት እጅ ሲያዝ ፍጹም ሌላ እንቅስቃሴ ያወጣል።

ዋናው ለውጥ ግን ስታት (የገጸ ባሕሪህ የችሎታ ቁጥሮች) ላይ ነው። በሁለት እጅ ስትይዝ ስትሬንግዝህ (ጉልበትህ) በ1.5 ይባዛል። 20 ካለህ ጌሙ 30 እንዳለህ ይቆጥርልሃል ማለት ነው። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የማትችለውን መሳሪያ ያስነሳሃል። ሁለተኛ፣ ዳሜጁ (የሚያደርሰው ጉዳት) ከስትሬንግዝ ጋር የሚያድግ መሳሪያ ከሆነ ምቱ ራሱ ይጨምራል።

ዝዋይሃንደር የሚባለውን ረጅም ሰይፍ እንውሰድ። ዊፒንግ ፔኒንሱላ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ነጋዴ በ3,500 ሩን (የጌሙ ገንዘብ) ይሸጠዋል። 19 ስትሬንግዝና 11 ዴክስተሪቲ (ቅልጥፍና) ይጠይቃል። ቫጋቦንድ የሚባለውን መነሻ ገጸ ባሕሪ መርጠህ ከጀመርክ ስትሬንግዝህ 14 ስለሆነ በአንድ እጅ አይሆንልህም። በሁለት እጅ ግን 21 ይሆንልሃል፣ ዴክስተሪቲህም 13 ነው፤ ገዝተህ ወዲያው ትመታበታለህ። ሳሙራይ ከሆንክ 12 ስትሬንግዝህ ተባዝቶ 18 ነው። አንዲት ሌቭል ጎደለችህ።

ሂሮ ሆነው የጀመሩት ናቸው የሚበሳጩት። ስትሬንግዛቸው 16 ነው፣ ከበቂ በላይ። ሰይፉ ግን አሁንም በትክክል አይሠራላቸውም። ምክንያቱ ዴክስተሪቲያቸው 9 መሆኑ ነው። የሚባዛው ስትሬንግዝ ብቻ ነው፤ ዴክስተሪቲ ባለበት ይቆያል። ሁለት ሌቭል እዚያ ላይ መጨመር አለባቸው። የሚጠየቀውን ሳታሟላ ብትይዝ ደግሞ ሰይፉ እጅህ ላይ ይንገዳገዳል፣ ዳሜጁም ለወሬ አይበቃም።

ዳሜጁ ትልቅ ከሆነ ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ትልቁን አልይዝም?

ያልሰነዘርከው ምት ዳሜጅ የለውማ። ወይም የጀመርከው፣ ግን ሳይደርስ የተቋረጠብህ።

ማርጊትን ታውቀዋለህ። ስቶርምቬል ቤተ መንግሥት መግቢያ ላይ የሚጠብቅህ፣ በትሩን ይዞ። ጀማሪውን ሁሉ እዚያ ነው የሚያስለቅሰው። ማርጊት በትሩን ያነሳል። ያነሳና አየር ላይ ያቆየዋል። አንተ ልብህ አይችልም፣ ትንከባለላለህ። ተንከባልለህ ስትነሳ በትሩ ይወርዳል። ይህን ሰውዬ ዝዋይሃንደር በሁለት እጅ ይዘህ ስትገጥመው የሚሆነውን ላሳይህ። እሱ በትሩን ሲያነሳ "አሁን ዘገየ" ብለህ የምት ቁልፏን አር ዋን ትጫናለህ። ሰይፍህ ከትከሻህ ኋላ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ገና ሊወርድ ሲል በትሩ ይቀድምሃል። የጤና መስመርህ ግማሹ ይሄዳል። ደንግጠህ የመፈወሻ ጠርሙሱን ልትጠጣ ስትል ቢላ ይወረውርብሃል።

ያንኑ ማርጊት ሎንግሶርድ የሚባለውን ቀላል ሰይፍና ጋሻ ይዘህ ብትገጥመው አንዲት ምት አስገብተህ ትመለሳለህ። ትንሽ ናት፣ ግን ገብታለች።

ከዚህ ተነስተህ "ትንሹ ይሻላል" ብለህ እንዳትሮጥ። ማርጊት ረጅም ምቱን ጨርሶ የሚቆምበት ቅጽበት አለ። ያን ከለየህ ከባዱ ሰይፍ አንድ ጊዜ ወርዶ ትንሹ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የሚያደርገውን ያደርጋል። በዚህ ላይ ዘሎ የሚወርድ ከባድ ምት የጠላትን አቋም ይሰብራል። ከባድ ምት ሲደራረብበት ይንበረከካል፣ ፊቱ ሄደህ አር ዋን ስትነካ ደረቱን ትወጋዋለህ። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ወደ ትንሽ ሰይፍ አይመለስም።

ሌላም የማይታይ ነገር አለ። ኤልደን ሪንግ ዳሜጅህን ከጠላት መከላከያ ጋር ያነጻጽራል። ደካማ ምት ከጠንካራ መከላከያ ጋር ሲጋጭ ብዙው ክፍሉ ይባክናል። ትልቁ ምት በንጽጽር የሚባክንበት ትንሽ ነው። ስለዚህ "ሦስት ጊዜ 100 እና አንድ ጊዜ 300 እኩል ነው" የሚለው የሒሳብ ክርክር እዚህ ጌም ላይ አይሠራም።

ጋሻ የፈሪ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

አብሽር፣ ተወው። እንዲህ የሚሉህ ልጆች ዩቲዩብ አይተው ነው።

አንዳንድ ጋሻ ከሰይፍና ከዱላ የሚመጣውን ዳሜጅ 100 በመቶ ይዘጋል። የምትከፍለው ስታሚና (ትንፋሽህን) ነው። አረንጓዴዋን መስመር እያት፤ በጋሻ በተቀበልክ ቁጥር ትቀንሳለች፣ ባዶ ስትሆን እጅህ ይከፈታል፣ ቀጣዩን በሙሉ ትቀምሳለህ። ብዙ ሰው የሚሞተው ጋሻውን ሳያወርድ ቆሞ ስለሚቀር ነው። ጋሻ ሲነሳ ስታሚና ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። በምት መሀል ዝቅ አድርገው።

ከጋሻ ጋር የሚመጣ ሌላ ጥቅም አለ። ምቱን በጋሻ ተቀብለህ ወዲያው የከባድ ምት ቁልፏን አር ቱ ብትጫን ኃይለኛ የአጸፋ ምት ይወጣል። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ዘዴ አላውቅም። ጦር ወይም ቀጭን የመውጊያ ሰይፍ ከያዝክ ደግሞ ጋሻህን ሳታወርድ ከጋሻው ጀርባ ሆነህ መውጋት ትችላለህ።

በሁለት እጅ የያዝከው ሰይፍም መከላከል ይችላል፣ ኤል ዋን ነው። ግን ያፈሳል፤ ከዳሜጁ የተወሰነው ወደ አንተ ያልፋል።

አንዲት ሴት ብቻ ይህን ሁሉ ምክር ታፈርሳለች፣ ማሌኒያ የምትባለው ቦስ (ዋና ጠላት)። እሷ ስትመታህ ጤናዋ ይሞላል። ጋሻህን ብትመታም ይሞላል። እዚያ ጋ ጋሻ ይዘህ መቆም እሷን ማከም ነው። በከባድ መሳሪያ ግን ትደነቃቀፋለች፣ ምቷም ይቋረጣል።

እኔ ሁለት ሰይፍ፣ በእያንዳንዱ እጅ አንድ፣ መያዝ እፈልጋለሁ። ሁለት እጅ ማለት ይሄም አይደለ?

አይደለም፣ እህቴ። ይሄ ሦስተኛ መንገድ ነው። ሁለቱም እጆችሽ ላይ አንድ ዓይነት መሳሪያ ካለ፣ ማለትም ኩርባ ሰይፍ ከኩርባ ሰይፍ፣ ጦር ከጦር፣ ኤል ዋን ስትጫኚ ሁለቱም ባንድ ላይ ይሰነዝራሉ። ደም ለሚያፈስ መሳሪያ ይሄ ጉድ ነው። ሲሞላ ከጠላት ብዙ ጤና የሚቀንሰው የደም መስመር የሚሞላው በምት ብዛት ስለሆነ፣ ባንድ ጫና ሁለት ሦስት ምት ማስገባት ማለት ቶሎ ይፈነዳል ማለት ነው።

ዋጋው አለ። የ1.5 ብዜት አታገኚም። የሁለቱም ክብደት ይቆጠርብሻል። ጋሻ የለሽም። መሳሪያ ማሳደጊያ ድንጋዩ ደግሞ እጥፍ ነው፤ ተራ መሳሪያ እስከ 25 ደረጃ፣ ልዩ መሳሪያ እስከ 10 ደረጃ ይደርሳል፣ አንቺ ሁለት ነው የምታሳድጊው። አንዱን 12 አድርሰሽ ሌላውን 3 ላይ ከተውሽው ትርፉ ድካም ነው።

ሾተል እዚህ ጌም ውስጥ አለ ሲሉ ሰማሁ። የኛው ሾተል?

አለ፣ በስሙ። ያ ግማሽ ጨረቃ የመሰለው፣ አያቶቻችን የጠላትን ጋሻ ዞረው ለመምታት የያዙት ቅርጽ ነው። ጌሙ ውስጥ ከኩርባ ሰይፎች ጎራ ተመድቧል። ካስል ሶል የሚባል ምሽግ ውስጥም ኤክሊፕስ ሾተል የሚባል ልዩ ወንድም አለው።

ለአንድ እጅ የተሠራ መሳሪያ ነው፣ ቀላልና ፈጣን። በሁለት እጅ መያዝ አትከለከልም፣ ግን ሾተል የሚያምርበት በአንድ እጅ ነው፤ ወይም ጥንድ ሆኖ። ለወሎ ልጅ ጥንድ ሾተል ይዞ መግባት ራሱ ግማሽ ደስታ ነው። ዳሜጁን ማን ይቆጥራል።

ትልቁን ሰይፍ ያዝኩ፣ ከዚያ ወዲህ መንከባለል አቃተኝ። ተበላሽቶ ነው?

ክብደት ነው። ከምትችለው ክብደት 30 በመቶ በታች ከያዝክ ትበራለህ። 70 በመቶ እስክትደርስ ድረስ ደህና ትንከባለላለህ። 70 ካለፍክ እንደ ጆንያ ነው የምትወድቀው። 100 ካለፍክ ጭራሽ የለም።

ግሬትሶርድ የሚባለው ግዙፉ ሰይፍ ብቻውን 23 ይመዝናል፤ ሎንግሶርድ 3.5 ነው። በአንድ እጅም ያዝከው በሁለት ክብደቱ አይለወጥም። ጀርባህ ላይ ያለው ጋሻም ይቆጠራል። ሁልጊዜ በሁለት እጅ የምትጫወት ከሆነ ታዲያ ጋሻውን ለምን ትሸከማለህ? አውልቀው። ወይ ደግሞ የመሸከም አቅምህን የሚያሳድገውን ኢንዱራንስ ጨምር፤ ስታሚናህም አብሮ ያድጋል፣ ከባድ ሰይፍ በአንድ ምት ብዙ ስታሚና ስለሚበላ ትፈልገዋለህ።

ስትሬንግዝን እስከ ስንት ላድርስ?

ሁልጊዜ በሁለት እጅ ከያዝክ 54 ጥሩ ማረፊያ ነው። ሲባዛ 81 ይሆናል፣ ከ80 በላይ ጥቅሙ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የቀረውን ለጤና ስጠው። መሳሪያህን አንጥረኛው ጋ ሄቪ የሚባለውን ዓይነት ካደረግኸው ስትሬንግዝህ የበለጠ ይሠራልሃል።

በየሰዓቱ እየከፈልኩ ነው የምጫወተው። ገንዘቤ እንዳይባክን የቱን ልያዝ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ዩቲዩበሮቹ አይመልሱትም። በየሰዓቱ የሚከፍል ሰው ጠላትን አጥንቶ አንድ ትልቅ ምት እስኪያሳርፍ የመጠበቅ ቅንጦት የለውም። ስለዚህ ቦስ እስክታገኝ ድረስ በሁለት እጅ ተጫወት፤ መንገድ ላይ ያሉት ወታደሮች በአንድና በሁለት ምት ስለሚያልቁ ጊዜ ታተርፋለህ። አዲስ ቦስ ፊት ስትደርስ ጋሻህን ከጀርባህ አውርደህ አንሳና ሰይፉን በአንድ እጅ ያዝ፣ ምቱን ልመድ። ከለመድከው በኋላ ወደ ሁለት እጅ ተመለስ።

ጆይስቲክህን ግን ከመቀመጥህ በፊት ፈትሽ። ጌም ቤት ውስጥ አር ዋን ነው ቀድሞ የሚሞተው፣ ምክንያቱም የኳሱ ጌም ፔስ ላይ መሮጫዋ እሷ ነበረች፣ ሁሉም ሲደቁሳት ኖሯል። እዚህ ጌም ላይ ደግሞ አር ዋን ቀላል ምትህም በሁለት እጅ መያዣህም ናት። ሦስቴ ነክተሃት አንዴ የምትሰማ ከሆነ አስቀይር። ባለቤቱ እንቢ ካለ በአር ቱ እየዘለልክ ምታ፣ ለከባድ ሰይፍ እንደውም ይመጥነዋል።

መብራት ከሄደ አትሸበር፤ ኤልደን ሪንግ ራሱ በየቅጽበቱ ሴቭ ያደርጋል። መብራት ሳይሆን ሰው ነው የሚያስፈራው። አንድ አካውንት ላይ እስከ 10 ገጸ ባሕሪ ነው የሚቀመጠው፣ ሲሞላ አንዱ የአንዱን ያጠፋል። ያንተ መሆኑን የሚያስታውቅ ስም ስጠው፤ ለሚያስተዳድረው ልጅም ንገረው።

ስካይሪም ላይስ እንዴት ነው?

እዚያ ነገሩ ሌላ ነው፣ መወሰን አለብህ። የአንድ እጅና የሁለት እጅ መሳሪያ ለየብቻ ስኪል (ችሎታ) ናቸው፤ የተጠቀምክበት ነው የሚያድገው። አንዱን 70 አድርሰህ ወደ ሌላው ብትሻገር ከታች ነው የምትጀምረው። ሰይፉም ተለዋዋጭ አይደለም፣ የሁለት እጅ የሆነ የሁለት እጅ ነው።

ቁጥሩን እይ። የብረት ሰይፍ ዳሜጁ 7 ነው፣ የሁለት እጁ የብረት ሰይፍ 15፣ የሁለት እጁ መዶሻ 18። ስታየው ትልቁ እጥፍ ይመታል። ግን መዶሻው ፍጥነቱ 0.6 ነው፣ ሰይፉ 1። ስታባዛው መዶሻው አሁንም ይበልጣል፣ ያን ያህል ግን አይደለም። በተጨማሪ በአንድ እጅ የያዘ ሰው ግራ እጁ ነጻ ነው። ጋሻ፣ ወይ እሳት፣ ወይ ራሱን የሚያክምበት አስማት ይይዝበታል። በእያንዳንዱ እጅህ አንድ አንድ መሳሪያ ከያዝክ ደግሞ መከላከል አትችልም፣ ይህን ሳያውቁ የሚጠፉ ብዙ ናቸው።

እኔን ብትጠይቀኝ ስካይሪም ላይ ሁለት እጅን እመርጣለሁ። የሁለት እጅ ስኪል 70 ሲደርስ በጎን የሚሰነዘረው ኃይለኛ ምት ፊትህ ያሉትን ሁሉ የሚመታበት ፐርክ (ልዩ ብልሃት) ይከፈታል። ሽፍቶች ጉድጓዳቸው ውስጥ ሲከቡህ አንዴ ታጥፋቸዋለህ።

ዲያብሎ የሚባለውን ጌም የሚጫወት ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚለኝ።

ልክ ሊሆን ይችላል። እዚያ ጥያቄው የቦታ ጥያቄ ነው፤ የሁለት እጅ መሳሪያ ስትይዝ የጋሻውን ወይም የሁለተኛውን መሳሪያ ጥቅማ ጥቅም ታጣለህ። በ2023 የወጣው ዲያብሎ 4 ይህን ለማካካስ የሁለት እጅ መሳሪያ ላይ ያሉትን ጭማሪዎች እጥፍ አድርጎ ነው የመጣው። ዲያብሎ 2 ላይ ደግሞ ባርባሪያኑ የሁለት እጁን ሰይፍ በአንድ እጁ ያነሳዋል። እሱን ማን ይከራከረዋል።

ዋሻ ውስጥ ክሪስታል የሆኑ ሰዎች አጋጠሙኝ፣ ሰይፌ ምንም አያደርጋቸውም።

ክሪስታሊያኖች ናቸው። ስለት አይበሳቸውም፣ የሚሰብራቸው መዶሻና ዱላ ነው። በአንድ እጅም ይሁን በሁለት፣ መጀመሪያ መሳሪያውን ቀይር። በሁለት እጅ የያዝከው መዶሻ ከሆነ ቶሎ ይሰነጠቃሉ።

ስታቴን ሁሉ ዴክስተሪቲ ላይ ጨርሼ አሁን ትልቅ ሰይፍ አማረኝ። እንደገና ልጀምር?

አትጀምር። ራያ ሉካሪያ አካዳሚ ውስጥ ሬናላ የምትባለውን ቦስ አሸንፍ። ከተሸነፈች በኋላ እዚያው ተቀምጣ ትጠብቅሃለች። ላርቫል ቲር የሚባለውን ዕቃ ስትሰጣት ስታትህን ከባዶ እንደገና ትደለድላለህ። ዕቃው ዓለሙ ላይ ቁጥሩ የተወሰነ ነው፣ ለመሞከር ብቻ ብለህ አታባክነው። መሳሪያህ ላይ የጨረስከው ድንጋይ ግን አይመለስም። ስለዚህ ሬናላ ጋ ከመሄድህ በፊት የምትፈልገውን ሰይፍ በእጅህ አስገባ፣ በሁለት እጅ ያዘውና ሜዳ ላይ ወታደሮቹን ምታበት። ዳሜጁን ሳይሆን አወራረዱን ልመደው፤ ካልጣመህ ዴክስተሪቲህ አሁንም አለች።